ድምፅ የሚበዛበት፣ ካልሲ የሚቆረቁረው ልጅ

አንዳንድ ልጆች የካልሲያቸው ስፌት ጣታቸው ላይ ሲያርፍ ያለቅሳሉ፤ ብሌንደር ሲነሳ ጆሯቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ፤ ፀጉራቸው ሲታጠብ የተመቱ ያህል ይጮኻሉ፤ ከለመዷቸው ጥቂት ምግቦች ውጭ ሌላ አይቀምሱም። ዘመድ አዝማድ ይህን ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ልጁ ሞልቃቃ ነው፣ ወላጆቹም አቅብጠውታል ይባላል። ይህ ፍርድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው፤ ቤተሰቡ መፍትሔውን በቁጣና በቅጣት እንዲፈልግ ይገፋዋል፣ ልጁ ደግሞ በእርግጥ የሚሰማውን ነገር የሚያምንለት ሰው ያጣል። እነዚህ ልጆች ምን እንደሚሰማቸውና ለምን እንደሚሰማቸው ስንረዳ፣ ቤት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማቸው የሚያስቸግራቸውን ነገር ሁሉ ከፊታቸው ማጥፋት እንዳልሆነ እንገነዘባለን፤ የሚጠቅማቸው የሚመጣውን ነገር አስቀድመው ማወቃቸውና የተወሰነው ክፍል በእጃቸው መሆኑ ነው።

በትምህርት ቤት የተማርነው ሰው አምስት የስሜት ሕዋሳት እንዳሉት ነው። ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከአፍንጫ፣ ከምላስና ከቆዳ ሌላ ግን ልብ ሳንላቸው በየዕለቱ የምንጠቀምባቸው ሦስት የስሜት መንገዶች አሉ። አንደኛው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኝ ሲሆን ጭንቅላታችን ወዴት እንዳዘነበለና ሰውነታችን እንዴት እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ይነግረናል፤ ስለዚህ ፀጉሩን ለመታጠብ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሲያደርጉት የሚጮኽ ልጅ የፈራው ውኃውን ሳይሆን ማዘንበሉን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነሳ ነው፤ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በእሱ ነው። ሦስተኛው ረኃብን፣ ጥማትን፣ የሽንትን መምጣትና የልብን ምት የመሰለውን ከሰውነት ውስጥ የሚነሳ መልእክት ያሳውቀናል።

አንጎል ከእነዚህ ሁሉ የሚደርሰውን መልእክት እኩል አያስተናግድም፤ አስፈላጊውን ያጎላል፣ የለመደውን ይተዋል። ጠዋት የለበስነው ሸሚዝ ቆዳችንን ሲነካ የሚሰማን ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢነካንም አንጎላችን ስለማይቆጥረው እንረሳዋለን። የስሜት ሕዋሳታቸው ስስ በሆነ ልጆች ላይ ይህ የመተው ሥራ ይዘገያል ወይም ጨርሶ አይከናወንም፤ ሸሚዙ ከሰዓት በኋላም ልክ እንደ ጠዋቱ ይሰማቸዋል። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት አዋቂ እየተራመደ ቁምነገር ማውራት እንደሚያቅተው ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ልጅም ሐሳቡ በካልሲው ስፌት ተይዞ መምህሩ የሚናገሩት አይገባውም። ኦቲዝም ባለባቸውና ድምፅና ንክኪ በሚበዛባቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ በተባለ መሣሪያ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በእነዚህ ልጆች አንጎል ውስጥ ይበልጥ የሚነቃቃው ድምፅንና ንክኪን የሚቀበለው ክፍል ብቻ አይደለም፤ አደጋን የሚያነፈንፈው አሚግዳላ የተባለው ክፍልም አብሮ ይነቃል፣ ለመርገብም ይዘገያል። ልጁ ለካልሲ የሚሰጠው ምላሽ ለአደጋ የሚሰጥ ምላሽ የሚመስለን፣ ለአንጎሉ በእርግጥም አደጋ ስለሆነ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራ አንድ ሌላ የታወቀ እውነት አለ። ማንም ሰው ራሱን በራሱ ኮርኩሮ መሳቅ አይችልም። ምክንያቱ አንጎል የገዛ እጃችን ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ንክኪውን አለዝቦ መቀበሉ ነው፤ ያው ንክኪ ከሌላ ሰው እጅ ሲመጣ ግን መቼና የት እንደሚያርፍ ስለማይታወቅ ጎልቶ ይሰማል። በሌላ አነጋገር፣ የአንድ ስሜት ክብደት በራሱ በስሜቱ ብቻ አይወሰንም፣ በመታወቁና ባለመታወቁም ይወሰናል። ወላጅ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህን እመርጥ ነበር፤ በቤት ውስጥ የሚሠሩት ዘዴዎች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚህ ነውና።

ስስነት ሲባል ግን ሁሉም ነገር ይበዛበታል ማለት አይደለም። ዊኒ ደን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረቡት ገለጻ፣ ልጆች በቀላሉ የሚነቃ ወይም ብዙ ካልደረሰው የማይነቃ አቀባበል ሊኖራቸው እንደሚችል፣ በዚያም ላይ አንዳንዱ የሚሆነውን ዝም ብሎ ሲቀበል ሌላው ራሱ አንድ ነገር ለማድረግ እንደሚነሳ አስረድተዋል። ስለዚህ ጆሮውን የሚይዝ ልጅ እንዳለ ሁሉ፣ ካልተገፋና ካልተጨመቀ ሰውነቱ የማይታወቀው፣ ግድግዳ እየገፋ፣ ከሶፋ እየዘለለ፣ የሸሚዙን አንገት እያኘከ የሚውል ልጅም አለ። ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ሁለቱም በአንድ ልጅ ላይ ሲታዩ ነው፤ ለስላሳ ዳበሳ የሚያስለቅሰው ልጅ ጠበቅ ያለ እቅፍ ሲፈልግ ይገኛል። ቀለል ያለ ንክኪ አንጎልን የሚያስደነግጥ፣ ሰፋና ጠበቅ ያለ ጫና ደግሞ ብዙ ልጆችን የሚያረጋጋ መሆኑን ያወቀ ወላጅ በዚህ አይደናገርም፤ እጁንም በልጁ ትከሻ ላይ ዘና አድርጎ ያሳርፋል እንጂ በጣቱ ጫፍ አይነካካውም።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ዓለም ምን ስፍራ እንዳለው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፣ በዚህ ዙሪያ ወላጅን የሚያሳስት ብዙ ነገር ይወራልና። ጉዳዩን በስፋት ማጥናት የጀመሩት አሜሪካዊቷ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲያከናውን የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያና የሥነ ልቦና ምሁር ጂን አየርስ ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ለድምፅ፣ ለንክኪ፣ ለብርሃንና ለመሰል ነገሮች ከልክ ያለፈ ወይም እጅግ ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል፤ ራሱን የቻለ የሕመም ዓይነት አድርጎ ግን አልመዘገበውም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሐኪሞች ይህን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው እንዳይመረምሩ መክሮ ነበር። ይህ ማለት የልጁ ስሜት የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ስስነቱ በኦቲዝም፣ ትኩረት በማጣትና በመቅበጥበጥ ችግር፣ በጭንቀት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ምንም ሌላ ነገር በሌለባቸው ልጆችም ላይ ይታያል። በአሜሪካ በወላጆች መጠይቅ የተሠሩ ጥናቶች ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 16 የሚሆኑት ጉልህ የሆነ ስስነት እንደሚታይባቸው ገምተዋል። ስለዚህ ካልሲ ያስቸገረው ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ብሎ መደንገጥ አይገባም፤ ከስስነቱ ጋር የንግግር መዘግየት፣ ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ወይም ድግግሞሽ የበዛበት ባሕርይ ሲታይ ግን ምርመራው መዘግየት የለበትም።

ልጆች የሚሉትን ስለማመን እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት የ13 ዓመት ካናዳዊት ልጅ በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የሚገኙትን በነፋስ እጅ የሚያደርቁ ማሽኖች ድምፅ በልጆች ጆሮ ቁመት ለክታ ውጤቱን በሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመች። አንዳንዶቹ ማሽኖች ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኹ ነበር፤ ይህም የአገሪቱ ሕግ ለልጆች መጫወቻ ከሚፈቅደው መጠን በላይ ነው። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ለማሽኑ አፍ የሚቀርቡት በቁመታቸው ማነስ ምክንያት መሆኑን ልብ ያለው አዋቂ ብዙ አልነበረም። ልጅ «ጆሮዬን አመመኝ» ሲል ከመገሠጽ በፊት በእሱ ቁመት በርከክ ብሎ ማዳመጥ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ወላጅ መጀመሪያ ሊለየው የሚገባው እልህንና መሸነፍን ነው። በእልህ የሚያለቅስ ልጅ የሚፈልገው ነገር አለ፤ እያለቀሰም ቢሆን ሰው እያየው እንደሆነ ይሰልላል፣ የፈለገውን ሲያገኝ ይተዋል። የስሜት ጫና ያሸነፈው ልጅ ግን የጠየቀው ቢሰጠውም አያቆምም፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ይጮኻል፣ ሲያበቃም ደክሞት ይተኛል ወይም ይፈዛል። በዚያን ሰዓት ምክርም ቁጣም አይገባውም። የሚያስፈልገው ብርሃኑን መቀነስ፣ ሌሎች ሰዎችን ዞር ማድረግ፣ ራሱን እንዳይጎዳ መጠበቅና ከቃል መቆጠብ ነው፤ ትምህርት የሚሰጠው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ማዕበል ብዙውን ጊዜ በአንድ ነገር አይነሳም። የጠዋቱ ካልሲ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ የክፍሉ ጫጫታ፣ የምሳው ሽታ እየተጠራቀመ ይመጣና ማታ ላይ አንድ ኩባያ የተሳሳተ ቀለም ይዞ ሲቀርብ ይፈነዳል። ከትምህርት ቤት «ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ የሚመሰገነው ልጅ የቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ የሚያለቅሰው በዚህ የተነሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አምቆ የያዘውን የሚለቅበት ቦታ ቤቱ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ጥያቄ ማዝነብ ትርፍ የለውም፤ ትንሽ ጸጥታ፣ የሚኘክ ነገር፣ ጥቂት መሯሯጥ ይበልጥ ያሳርፈዋል።

ጥርስ ማጽዳትን ቀረብ ብለን እንይ። አፍ ከሰውነታችን ስሱ ቦታዎች አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ የብሩሹ መውጋት፣ የሳሙናው ማቃጠልና አረፋ፣ የሌላ ሰው እጅ ወደ አፍ መግባት በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ነገሩን የተረዳች እናት አራቱን ለየብቻ ታደርጋቸዋለች። በመጀመሪያ ብሩሹ ሳሙና ሳይነካው ልጁ እጅ ላይ ይቆያል፤ የአሻንጉሊቱን ጥርስ ያጸዳበታል፣ ሲፈልግ ያኝከዋል። ቀጥሎ በመስታወት ፊት የራሱን ከንፈር ይነካበታል፣ ከዚያም የፊት ጥርሱን። እናት ብሩሹን የምትይዘው ልጁ ይህን ሲለምድ ነው፤ ስትይዝም ጮክ ብላ እስከ አምስት ትቆጥርና አምስት ላይ ታቆማለች። አምስት ላይ አቆማለሁ ብላ ስድስት ያለች እንደሆነ የሳምንታት ልፋቷን በአንድ ቁጥር ታፈርሰዋለች፤ ልጁን ያስቻለው ብሩሹ ሳይሆን የማብቂያው መታወቅ ነበርና። ቁጥሩ ወደ አሥር፣ ወደ ሃያ የሚያድገው ልጁ አስቀድሞ እየተነገረው ነው። ሳሙናው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ጣዕም የሌለውና አረፋው ያነሰ ቢሆን ይመረጣል። ይህ ሁሉ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ቀስ ብሎ የመጣ ልማድ ግን በቀላሉ አይፈርስም።

የካልሲው ነገርም መንገዱ ያው ነው። ካልሲውን ገልብጦ ስፌቱን ወደ ውጭ ማድረግ፣ ከልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን የምልክት ጨርቅ ከሥሯ ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ ልብስን አስቀድሞ ማጠብ ቀላል እርዳታዎች ናቸው። ከመልበሱ በፊት እግሩን በመዳፍ ጠበቅ አድርጎ ማሸትም ብዙ ልጆችን ይጠቅማል። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫው ማታ መደረጉ ይመስለኛል፤ ልጁ ሁለቱን ካልሲ ነካክቶ አንዱን ከመረጠና ከአልጋው አጠገብ ካስቀመጠው ጠዋት የሚገጥመው እንግዳ ነገር አይኖርም። ለድምፅም እንዲሁ፤ «ብሌንደሩን ልከፍተው ነው፣ ሦስት እስክቆጥር ጆሮህን ያዝ» ማለት ድምፁን ባይቀንሰውም ድንጋጤውን ይቀንሰዋል፤ ከጊዜ በኋላ ቁልፉን ራሱ እንዲጫን ሲፈቀድለት ደግሞ ያ የሚያስፈራ ማሽን በእሱ ትእዛዝ የሚጮኽና የሚያቆም ዕቃ ይሆናል።

ታዲያ ዝም ብሎ ከሚያስቸግረው ነገር ሁሉ ማራቅስ? ይህ ፈታኝ ጥያቄ ነው፣ የብዙ ወላጆች ልብም ወደዚያው ያደላል። ልጁን አስገድዶ ጫጫታ ውስጥ ማቆም እንደማይጠቅም ግልጽ ነው፤ ፍርሃቱን ያጸናል እንጂ አያለማምደውም። ነገር ግን ፈጽሞ መሸሽም ዋጋ አለው። የመስማት ችግር የሌለባቸው አዋቂዎች ለሁለት ሳምንት ያለማቋረጥ የጆሮ መድፈኛ አድርገው የቆዩበት ጥናት ነበር፤ መድፈኛውን ሲያወጡ ድምፅ ከቀድሞው ይበልጥ ጎልቶ ይሰማቸው ነበር፣ አንጎል የተነፈገውን ድምፅ ለማግኘት ሲል መቀበያውን ከፍ ስለሚያደርግ ነው። ስለዚህ የጆሮ መሸፈኛ ለከባድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ሰው ለበዛበት ድግስ ወይም ለረጅም ጉዞ፣ ትልቅ ውለታ ይሠራል፤ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲደረግ ግን ስስነቱን ሊያብስ ይችላል። መካከለኛው መንገድ ልጁ በሚችለው መጠን፣ እሱ በሚያውቀው ሰዓትና ማቆም በሚችልበት ሁኔታ መቅረብ ነው። ድግስ ላይ ሰው ሳይበዛ ቀድሞ መድረስ፣ መውጫ ምልክት መስማማት፣ ልጁ ከመሸነፉ በፊት መመለስ ጥሩ ዘዴ ነው። ለግማሽ ሰዓት ቆይቶ እየሳቀ የተመለሰ ልጅ ሦስት ሰዓት ቆይቶ እያለቀሰ ከተመለሰው ይልቅ ለሚቀጥለው ድግስ የተዘጋጀ ነው።

ምግብም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ማየት፣ ማሽተት፣ መንካት፣ መላስ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ እርምጃዎች ናቸው፤ ማንኛውም ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀበል ድረስ አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ መቅረቡ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ለስሱ ልጅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የለመደው አንድ ምግብ ሁልጊዜ ሳህኑ ላይ ይኑር፤ አዲሱ ከጎኑ ይቀመጥ፣ ብላ ባይ አይኑር።

ይህ አስተዳደግ የሚጠይቀው ድካም ግን በልጁ ላይ ብቻ አያበቃም። ብዙ ቤት ውስጥ አንዱ ወላጅ ይራራል፣ ሌላው ይጠነክራል፤ ከዚያም በልጁ ፊት ይከራከራሉ። እንዲህ ላለው ልጅ ከጥብቅነትም ከልስላሴም በላይ የሚከብደው ዛሬ የተፈቀደው ነገ መከልከሉ ነው፤ ወላጆች በጥቂት ነገር ተስማምተው ያንን አጥብቀው ቢይዙ ብዙውን ያቀልላቸዋል። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የዘር ድርሻ እንዳለበት ስለሚያሳዩ፣ ልጁን ሲመለከቱ የራሳቸውን ልጅነት የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች መኖራቸው አያስገርምም፤ ጫጫታው ለወላጁም እየበዛበት ከሆነ ማረፊያ ለእሱም ያስፈልገዋል። ወንድሞችና እህቶች ደግሞ «ለምን ለእሱ ብቻ?» ሲሉ ጥያቄያቸው የተገባ ነው። ለእነሱ በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን መንገርና በቀን ውስጥ የእነሱ ብቻ የሆነ ጊዜ መስጠት ቅናትን ያበርዳል። ለአያቶች ስለ አንጎል ከማስረዳት ይልቅ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል መንገር ይቀላል፤ «ሲመጣ ከመሳምዎ በፊት እጅዎን ዘርግተው እሱ እስኪመጣ ይጠብቁት» ቢባሉ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ልጁ ከዚህ በፊት የሚበላቸውን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ ከሄደ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ትምህርት ቤት መዋል ካቃተው ወይም ራሱን የሚጎዳ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግም። ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ድምፅ መፍራት ወይም ምግብ መግፋት ከጀመረ ደግሞ አስቀድሞ ጆሮው፣ ጥርሱ፣ ጉሮሮውና ሆዱ መታየት አለበት፤ ስስነት የሚመስለው ሕመም ሊሆን ይችላል። በኦኩፔሽናል ቴራፒ በኩል የሚሰጠው እርዳታ ጥሩ የሚሆነው ግቡ በግልጽ ሲቀመጥ ነው፤ «የስሜት ሕዋሳቱን ማስተካከል» የሚል ግብ አይለካም፣ «ሳያለቅስ ጥፍሩን መቆረጥ» የሚለው ግን ይለካል። ክብደት ያላቸው ሰደርያዎች በስፋት ቢሸጡም ጥቅማቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ደካማ በመሆኑ ገንዘብን ወደዚያ ለማፍሰስ መቸኮል አይገባም።

የልጁን ዕድገት ከእኩዮቹ ጋር በማወዳደር የሚመዝን ወላጅ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የእነዚህ ልጆች እርምጃ ከውጭ ለሚያይ ሰው እርምጃ አይመስልም። ጫጫታ ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ መቆም፣ አዲስ ምግብ ያለበትን ሳህን አለመግፋት፣ ከለቅሶ ለመረጋጋት የሚፈጅበት ጊዜ ማጠር፣ ካልሲውን እያጉረመረመ ግን ራሱ ማጥለቅ ሁሉም እድገት ናቸው። በአጭሩ መመዝገቡ ይጠቅማል፤ በክፉ ቀን ከስድስት ወር በፊት የነበረውን ማንበብ የሚሰጠውን ብርታት ሌላ ነገር አይሰጥም፤ ለባለሙያውም ከትዝታ የተሻለ መረጃ ነው። ዕድገት ወደ ኋላ የሚልበት ጊዜም አለ፤ ሕመም፣ የቤት ለውጥ ወይም የእንቅልፍ ማጣት የተገኘውን ለጊዜው ቢወስደውም ያው መንገድ ሲደገም ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይመለሳል።

ከእነዚህ እርምጃዎች ሁሉ እኔ ትልቁን ስፍራ የምሰጠው ልጁ ከመጮኹ በፊት «በዛብኝ» ማለት ሲጀምር ነው። ይህን ለማለት በሰውነቱ ውስጥ የሚነሳውን ጫና ማወቅ፣ ስም መስጠትና የሚሰማው ሰው እንዳለ ማመን ነበረበት። ቃል ለሌለው ልጅ እጅን መጎተት ወይም በሥዕል ካርድ ማሳየትም ያው ነው። ቃሉ በወጣ ጊዜ ግን አዋቂው ወዲያው መታዘዝ አለበት፤ ንግግሩን አቋርጦ፣ ምግቡን ትቶም ቢሆን ልጁን ወደ ጸጥታ ያውጣው። «ትንሽ ቆይ፣ አሁን እንሄዳለን» የተባለ ልጅ ቃል እንደማይሠራ ይማራል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ወደሚያውቀው ጩኸት ይመለሳል። ወዲያው የወጣ ልጅ ግን ማውጣት እንደሚቻል ስለሚያውቅ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብዙውን ጊዜ ራሱ «እንመለስ» ይላል።